ዘጠነኛው ጣት

ማክሰኞ ማለዳ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣
ገና ሳይለያይ መሬት ከሰማይ፣
መኪናዬ አርጅታ፣ ሞተሯ እያሳለ፣
አባቴ አደሊኖ ከጎኔ አለ።
ጥዱ ወደ ኋላ ይሮጣል በመስኮት፣
እኛ ወደ ሌይሪያ፣ ደሙን ወደሚያጥቡበት።

መቁጠሪያ አልያዘም፤ ቤት ነው የሰቀላት፣
ከእናቴ ፎቶ ሥር ሚስማር መትቶላት።
«እዚያ ግራ ክንዴ በመርፌ ሲታሰር፣
በአንድ እጄ እንዴት አርጌ ዶቃ ልቁጠር?»

ስለዚህ በጣቱ።
ከቀኝ እጁ፣ ከማርያም ጣት ይነሣል፣
አንድ «ጸጋ የሞላሽ»፣ አንድ ጣት ያጥፋል፤
መንደር እልፍ ስንል እሱም አንድ እልፍ፣
ሌባ ጣቱም እንኳ ተራዋ ሳያልፍ።
የመጀመሪያው አሥር ለሞቱት በሙሉ፤
ሁለተኛው ደግሞ ለመጋዝ ቤት ጌታ፣
ካሳ ለከለከለው፣ ቂሙ እንዲፈታ።
ሦስተኛው ለኔ ነው።
ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም።

ሐሳቡ ይነጉዳል። ማደያው ጋ ስንደርስ
ከንፈሩ ቀጥ ይላል፣ ዋጋውን እስኪጨርስ።
«ናፍጣ ጨመረ ደግሞ!» ይላል አንብቦ፣
«…ለኛ ለኃጢአተኞች…» ልቡን ሰብስቦ።
«አባባ፣ ይሄ ጸሎት ነው?» ስለው ይስቃል፤
«ቤት ያስተዳደረች ሴት ናት፤ የዘይት ዋጋ ይገባታል።»

ዘጠነኛው ላይ ግን ይቆማል ሁልጊዜ፣
ደህና ቢያድር፣ ቢያመው፣ ደስታ ወይ ትካዜ።
የቀለበት ጣቱ፣ ያ ስፍራ ባዶ ነው፤
ወጣት ሳለ፣ ዓርብ ቀን፣ መጋዝ ነው የበላው።
ጣቱ ተገኘለት ከሰጋቱራ ሥር፤
ሦስት ቀን ቢነፉም የለም የወርቁ ነገር።
አየሩን ያጥፋል።
ዝም ይላል። ይቆያል።
ከዚያ በግራው ማርያም ጣት አሥሩን ይዘጋል።

ማሽኗ ስትዞር እንቅልፍ ይወስደዋል፣
ብርድ ልብሱ ላይ እጁ ሰባት አጥፎ ይቀራል።
ነርሷ ኢዳሊና፣ ቱቦውን ልታይ ስትመጣ፣
ለተለማማጁ ልጅ ጣቷን ከአፏ ላይ አውጥታ፣
«ሰባተኛዋ ላይ ነው፤ እጁን እንዳትነካ።»
ሲነቃ ከስምንት ይቀጥላል፣ ምንም እንዳላንቀላፋ።

ማክሰኞ ሕማሙ፣ ሐሙስ ብርሃኑ፣
ቅዳሜ ደስታው፤ ይህ ነው የማሽን ቀኑ።
የክብሩ ምሥጢር ግን እዚህ አይደርስበት፤
እሑድና ረቡዕ፣ በዶቃ፣ በቤት።

እኔ አልጸልይም። መድኃኒት ቤት ሻጭ ነኝ፤
ክኒን ነው የምቆጥር፣ እሱም የሰለቸኝ።
በሦስተኛው ዓመት፣ ቀይ መብራት ሲይዘን፣
ሐሙስ፣ ዝናብ ጥሎ፣ ጭጋግ ሲሸፍነን፣
«ዘጠኝ ላይ ለምንድን ነው የምትቆመው?» አልኩት።
እጁን ገልብጦ አየው፣
ስለ አንድ የድሮ ጎረቤት የጠየቅኩት ይመስል።
«ያቺን ዴኦሊንዳ ናት የምትላት» አለኝ፣
«እናትሽ ረጋ ብላ ነው፤ እኔ ምን አስቸኮለኝ?»

የሞተው ረቡዕ ነው። ዶቃው ደረቱ ላይ።
ቅዳሜ ልማድ ቀሰቀሰኝ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ።
ብርድ ልብሳቸውን ልመልስ ተነሣሁ፤
ቀበቶውን ላስርለት እጄን ዘረጋሁ።

መስቀለኛው መንገድ። ያው ቀይ መብራት።
ጣቶቼ መሪው ላይ፣ ማንም ሳያዛቸው፣
ከማርያም ጣት ተነሡ።
ከቃሉ ግማሹን ረስቼዋለሁ፤
ቅዳሜ፣ ደስታ መሆኑን ግን አውቃለሁ።
ስድስት። ሰባት። ስምንት።
ዘጠነኛው ጣቴ ሙሉ ነው፣ ጥፍሩም ቀለም አለው።
አጠፍኩት። ዝም አልኩ።
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላዬ የቆመው
ግንድ የጫነ መኪና ጥሩንባውን ነፋ፣ ደገመ።

«ቆይ» አልኩት በመስታወቱ፣
«ገና አልጨረሱም።»